ጥጥን ጥጥ ማልበስ

አባባ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ የጥጥ መጋዘን አላቸው። ከአርባ ምንጭ በታች ካሉ ገበሬዎች ይገዛሉ፣ ፍሬውን አስዳምጠው ያስወጡና ለክር ፋብሪካ ያስረክባሉ። ከጥጥ ሌላ ሥራ ሥራ አይመስላቸውም። ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ሙሉ መኪና ጥጥ ሲመልስባቸው ምሳቸውን ሳይበሉ ተኙ። የአባባን ሆድ የሚያውቅ ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው ይገባዋል።

ጥፋቱ የጥጡ ሳይሆን የማዳበሪያው ነበር። እኛ አገር ከጤፍ እስከ ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት የማይጫን ነገር የለም፤ ጥጡም የሚለቀመው በዚያው ነው። የከረጢቱ ላስቲክ ይተለተልና ከጥጡ ጋር ይፈተላል፤ ጨርቁ ሲነከር ቀለም አልቀበልም ብሎ ነጭ ጭረት ሆኖ ይቀራል። የፋብሪካው ጥራት ተቆጣጣሪ፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ጨርቁን ዘርግታ አሳየችንና "ከውጭ የሚመጣው ጥጥ ይህ የለበትም" አለችን። የእኛ ጥጥ በከረጢት ይበለጥ?

አባባ ግን መጋዘኑን ለሲሚንቶ ነጋዴ ሊያከራዩ ወሰኑ። የዘንድሮውን ምርት ብቻ ይታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸውና አቡጀዲ ገዝቼ ከረጢት ማሰፋት ጀመርኩ።

"ጥጥን ጥጥ ልታለብሺው ነው?" አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። "ይህ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?"

ከረጢቶቹን ራሴ ወስጄ ለገበሬዎቹ አደልኩ። ምክንያቱን አስረዳሁ፤ መርቀው ሸኙኝ። የመጀመሪያው ለቀማ ሲመጣ ግን ጥጡ እንደ ልማዱ በማዳበሪያ ታጭቆ ከች አለ። ደሜ ፈላ። በማግስቱ እሑድ አባባን መኪና ውስጥ ከትቼ ወደ ገበሬዎቹ መንደር ከነፍኩ።

ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝማሬ ይሰማል። በበሩ አጮልቄ ሳይ መዘምራኑ በሙሉ አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ያሸበሽባሉ። ስፌቱን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ከረጢት ነው። ልናገር አፌን ስከፍት አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ቃልሽን ንቀን አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ አቡጀዲ ውስጥ ጥጥ መጠቅጠቅ ነውር አይደለም? ሰው እያለ?"

አባባ ሳቁ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ጥጡ ከተመለሰባቸው ወዲህ ሲስቁ አላየሁም ነበርና ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያም ያ ቅብጠት ነው ያሉት አቡጀዲ በጣቃ ተገዝቶ እንዲመጣ ራሳቸው አዘዙ። ለየቤቱ ሁለት ሁለት ከረጢት አደሉ።

"አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለጥጡ። የጥጡን የለበሰ ከእኔ ጋር ተጣላ።"

ሁለተኛው ለቀማ በአቡጀዲ መጣ። አስዳምጠን ለፋብሪካው አስረከብንና የምርመራውን ውጤት መጠበቅ ጀመርን። ሲሚንቶ ነጋዴው ደግሞ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረክቡኝ እያለ ይጎተጉታል። አባባ ቤት መቀመጥ ቢያቅታቸው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ አዘዝኩላቸው። ገና አንድ ጎኑን ሳይጨርሱ ስልኬ ጠራ። ተቆጣጣሪዋ ናት።

"አታንሺው፣ መጀመሪያ እንብላ" አሉኝ። ፈርተዋል።

አነሣሁት። ጨርቁ ተነክሮ አንድም ጭረት አልወጣበትም። "ተጨማሪ አላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኳቸው።

አባባ እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ደርበው ባጃጅ ጠሩ።

"ወዴት ነው አባባ? ዓሣው እኮ ይቀዘቅዛል።"

"ብዪው አንቺ። ሲሚንቶ ነጋዴውን መጋዘኔን አላከራይም ልበለው" አሉና ገቡ። አባባ የቀረበ ዓሣ ጥለው ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።