ባለ መስመሩ ብቻውን ሲቀር

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ፣ በቤቱ ውስጥ እንደነበረ የቆየ ነገር ቢኖር የዓሣዎቹ የመስታወት ገንዳ ነው። ሟቹ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አመሻሽ ላይ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የገንዳውን ጥግ በቁልፉ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ዓሣዎቹም ግር ብለው ይመጡለታል። አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው የመጨረሻ ቃል እንኳ "ዓሣዎቼን አደራ" የሚል ነበር። ስለ እሷ ምንም አላለም። አልተቀየምኩም ትላለች።

ቁልፉ አሁን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ያም ሆኖ ሲመሽ ዓሣዎቹ እዚያው ጥግ ይሰበሰቡና፣ አፋቸውን ከፈት ከደን እያደረጉ የሱን ባዶ ወንበር ያያሉ። ያን ጊዜ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ለዓሣ መርዶ የሚነግር የለም። አንዳንዴም ኳኳታውን የምትሰማ ይመስላት ነበር።

የጣቱን አሻራ ከመስታወቱ አልወለወለችም። ዓሣ ሲሞትም አልተካችም። እሱ የተወውን አልነካም አለች።

ከዚያ ነጯ፣ ረጅም ክንፏን እንደ ቬሎ የምትጎትተው፣ እሱ "ሙሽሪት" የሚላት ዓሣ ጭራዋ ይበጣጠስ ጀመር። የልብስ ሰፊዋ ልጅ እናቷን ልታስቅ ብላ "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነበር የሚባለው፤ የኛዋ ከጭራዋ ጀመረች" አለቻት። እናት አልሳቀችም። አደራ በላ መሆን ነበር የታያት።

ውሃው ይሆን ብላ በባልዲ ባደረ ውሃ ጥቂት በጥቂት ቀየረችው። ድንጋዮቹ ይሆኑ ብላ አሮጌ ስቶኪንግ እያለበሰች ፈተነቻቸው፤ ክር የሚመዝ ስለት አልተገኘም። በመጨረሻ ሙሽሪትን በብርጭቆ ጨልፋ መነጽሯን አደረገች። የጭራዋ ጠርዝ ነጥቶ፣ እንዳልተዘመዘመ ጨርቅ ቢተረተር በሽታ ባለችው። ጠርዙ ግን ንጹሕ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ፣ ግማሽ ጨረቃ እየሆነ ተነሥቷል።

"ይሄስ ንክሻ ነው" አለች።

ጥርጣሬዋ ከሥር የሚርመሰመሰው ባለ ጢም ዓሣ ላይ ወደቀ፤ አውጥታ ሳፋ ውስጥ አሰረችው። ልጇ ጢም ያለው ሁሉ ወንበዴ ነው ወይ ብላ ተሟገተችለት። እውነትም እሱ ታስሮ ጭራዋ ማነሱን ቀጠለ።

በማግሥቱ ሲመሽ ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ከአሻራው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ዓሣዎቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ከሙሽሪት ኋላ ባለ መስመሩ አለ፤ ባሏ "ወንድማማቾቹ" ከሚላቸው የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ጠጋ አለ፣ ቀነጠሰ፣ ተመልሶ እንደ ሌሎቹ ወንበሩን አየ።

ዓሣ ሻጩ ስትነግረው አልገረመውም።

"እናቴ፣ ክፋት አይደለም። ይሄ ዘር በመንጋ ነው የሚኖር፤ እርስ በርሱ ሲቀናጠስ ይውላል፣ ጨዋታው ነው። ብቻውን ሲቀር ጥርሱን የት ያሳርፈው? ወይ መሰሎቹን ያምጡለት፣ ወይ ለብቻው ያኑሩት።"

"የባሌን ውሃ እንግዳ ላስገባበት?"

"ውሃው እኮ የዓሣዎቹ ነው።"

መንገዱን ሁሉ ይህ ነገር ሲከነክናት ሄደች። አደራ እንደተሰጠ የሚመለስ ነው ሲባል ነው ያደገችው። እህልም ወርቅም እንዲያ ይጠበቅ ይሆናል፤ የሚተነፍስ ነገር ግን አላንካህም ሲሉት እርስ በርሱ ይበላላል። ሟቹን ላለማጣት የዘጋችው በር ውስጥ፣ ሙሽሪቱ እየተቀነጠሰች ነበር።

ተመልሳ ባለ መስመሮች ገዛች። ለጊዜው ለብቻ አቆይታ፣ ጤናቸውን አይታ ጨመረቻቸው። ባለ ጢሙም ከእስር ተፈታ። የሙሽሪት ጭራ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን እያስተላለፈ ያድግ ጀመር፤ ልጇ "ቬሎው ተጣፈ" ብላ ይህን ጊዜ እናቷን አሳቀቻት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። ነባሩ ባለ መስመር እንደ ልማዱ ወደ ጥጉ ተነሣ። እንግዶቹ ግን ቁልፍ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ በወዲያኛው በኩል ይሯሯጣሉ። መንገድ ላይ ቆም አለ። ዞረና ተቀላቀላቸው። ሌሎቹም ተከተሉት።

ጥጉ ባዶ ሆነ። አደራው ድኗል። ልብስ ሰፊዋ ኳኳታውን ልትሰማ ጆሮዋን አቀናች፤ አየር የምትነፋው ሞተር ብቻ ትንሾካሾካለች። ጨርቅ አንሥታ ወደ አሻራው ቀረበች፣ እጇን ዘረጋች፣ ግን በዙሪያው ያለውን አቧራ ብቻ ጠርጋ ተመለሰች።