የምንጩ ምንጭ

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ላፍቶ ውስጥ ስለነበረ አንድ ምንጭ ለመጻፍ ወሰንኩ። ምክንያቴ ስንፍና ነበር። ጓደኞቼ ለጥናት ክፍለ ሀገር ሲወጡ፣ የእኛ ቤት ነፋስ ስልክ ስለሆነ እኔ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ያኔ ላፍቶ ገና የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ምንጩ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

አማካሪዬ ከውጭ ትምህርት በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ዶክተር ነበር። ከዚያ ይዞት የመጣው የምንጭ አጠቃቀስ መመሪያ ፎቶ ኮፒ ከእጁ አይለይም። ለማነበው መጽሐፍ ሁሉ አንድ አንድ ካርድ እንዳዘጋጅ፣ ካርዶቹንም በጸሐፊዎቹ የአባት ስም በፊደል ተራ እንድደረድር አዘዘኝ። በፋኩልቲው ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዳንቴል ለብሶ የዲኑ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እኔ የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆራርጬ ካርድ ሠራሁ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመለስልኝ በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭ?» ተብሎበታል። «ላፍቶ ከነፋስ ስልክ ብዙም አይርቅም» ያልኩት እንኳ አልተረፈም።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ እዚያው ነው የምኖረው» አልኩት።

«አንቺ ምንጭ አይደለሽም» አለኝ።

ስለዚህ ምንጭ ፍለጋ ወጣሁ። ውኃው ይፈልቅበት የነበረው መሬት የአንድ አዛውንት ገበሬ ነው። አባባ እያልኩ እጠራቸው ጀመር። እሳቸውም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጫወቱኝ፤ ምንጩን ጠጥቶ የጨረሰው ከአጠገቡ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው አሉኝ። ቤት ገብቼ እንደ መመሪያው መጀመሪያ የአባታቸውን ስም፣ ቀጥሎ የራሳቸውን አድርጌ ካርድ ላይ አሰፈርኩ፤ በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ የአባታቸው ስም ብቻ «እንዳሉት» ተብሎ ገባ።

መመሪያው ደግሞ ቃሉን የሰጠው ሰው የተጻፈውን ሰምቶ ይስማማ ይላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተመልሼ ሄጄ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «አባቴን እዚህ ምን አመጣቸው?»

«አሠራሩ ነው አባባ። የአባት ስም ይቀድማል።»

«አባቴ ይህን አላሉም! ባሕር ዛፉን የተከሉት እኮ እሳቸው ናቸው! ደግሞ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!»

እውነታቸውን ነው። በእኔ ጽሑፍ መሠረት ሟቹ ሰውዬ ባለፈው ወር ከመቃብር ተነሥተው በራሳቸው ላይ መስክረዋል። ደንግጬ ለአማካሪዬ ነገርኩት። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ገላልጦ «ስለ ሙታን የሚል ነገር የለውም። እንዳለ ይሁን» አለኝ። ይህንኑ ላፍቶ ሄጄ ተናገርኩ።

ሰኞ ጠዋት አባባ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ስደርስ ጥበቃው «ማን ልበል?» እያላቸው ነበር።

«ምንጭ ነኝ» አሉት።

ጥበቃው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አባትሽ ናቸው? ጸበል ሞክሪላቸው» አለኝ።

አማካሪዬ ቢሮ ስንገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። አባባ አልተቻኮሉም።

«ልጄ፣ አባትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ጎጃም ናቸው፣ ገበሬ ናቸው።»

«አንተ መጽሐፍ ብትጽፍ፣ ይህቺ ልጅ ጻፉት የምትለው እሳቸውን ነው?»

አማካሪዬ መመሪያውን አየ። «በዚህ መሠረት... አዎ።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንበብ አይችሉም» አለ።

መመሪያውን ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ሲከተው ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። አባባ በራሳቸው ስም እንዲገቡ ተፈቀደ። እኔ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ በግርጌ ማስታወሻ እንዳብራራ ታዘዝኩ። ማብራሪያው ምንጭ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እዚያው ቆመን አማካሪዬ ስማቸው የማን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም «የራሴ» አሉ። እኔም ለዚሁ ሌላ ካርድ ጻፍኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ የተጠረዘውን ጽሑፍ ይዤላቸው ሄድኩ። ስማቸው የት እንዳለ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን አሳርፈውበት ቆዩና ወደ ላይኛው መስመር ከፍ አደረጉት።

«ይሄስ ማን ነው?»

«ስለ ባሕር ዛፍ የጻፈ ፈረንጅ ነው።»

«ላፍቶ መጥቶ ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን አድርጎ ከእኔ በላይ ተቀመጠ?»

«በፊደል ተራ ሆኖ ነው አባባ።»

ገጹን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ፊደሉን የደረደረው ማን እንደሆነ፣ ቢሮውም የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ።