ከመቀመጫው ስር ያለው ብየዳ

ፍስሃ ጸጋይ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲታጠፉ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ግራኝ ነው። ወሬ አያበዛም። ሰው ሲበዛበት ጥቁር መነጽሩን ከግንባሩ ዓይኑ ላይ ያወርድና ሥራ ያለበት ይመስላል።

አባቱ አቶ ጸጋይ ግን ወሬ አይጨርሱም ነበር። ከአስመራ ያመጧት አንዲት ቀይ የጣሊያን ሞተር ነበረቻቸው። "በዚህች ነው አስመራ ላይ ተወዳድሬ ሁለተኛ የወጣሁት" ይሉ ነበር። ሰፈሩ አላመናቸውም። ታክሲ ቆመው ሲጠብቁ "ሻምፒዮን፣ ዛሬ በእግር ነው እንዴ?" ይሏቸዋል። ፍስሃ በልጅነቱ በዚህ ነገር ሁለቴ ተደባድቧል። አምና አባቱ ሲያርፉ ሰፈሩ መቀለዱን ተወ። ይሄ ደግሞ ባሰበት። ሰው ለሟች አዝኖ ዝም ሲል፣ ውሸታም ነበሩ ማለቱ አይደል?

ቦሌ ውስጥ አሮጌ ሞተር የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አላቸው። ለትርኢት ሞተር እየመረጡ ነው ሲባል ሰማ። እውነተኛ የውድድር ሞተር ከሆነች የነጂዋ ስም በሰሌዳ ተጽፎ አጠገቧ ይቆማል አሉ። ፍስሃ የፈለገው ያንን ሰሌዳ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ሚስቱ ዘውዲ ዝገቱን አየችና "ይሄን ይዘህ ቦሌ ልትሄድ ነው? ያዋርዱሃል" አለችው። እውነትም እንግዳ ፊት እንዲህ ሆና አትቀርብም ብሎ አስቀባት። የተጎደጎደው በስቱኮ ተሞላ፣ የተጫረው ተሞረደ። መቀመጫዋ ብቻ አልተፈታም። አባቱ "ከመቀመጫው ስር ማንም እንዳይነካ፤ የውድድር ጋራዡ የእጅ ሥራ ነው" ይሉ ነበርና።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በፒክአፕ ጭኖ ከአንድ ሆቴል ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ አወረዳት። ሁለት ሰዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢንጅነር ገመዳ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው የማያርፍ። ሁለተኛዋ ናኦሚ የምትባል ወጣት ናት፤ ማስታወሻ ደብተርና ስልክ ይዛለች።

ኢንጅነሩ ዞሯት። ከዚያ ነዳጅ መያዣዋን በጣታቸው ጥፍር ኳ ኳ አደረጉ።

"ማነው ሙሽራ ያስመሰላት?"

"እኔ ነኝ... ለክብር ብዬ ነው።"

"ቀለም ሲበዛ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው፣ አቶ ፍስሃ። ጭረቱ የት ሄደ? የወደቀችበትስ? እሱ ነበር ምስክሯ።"

ናኦሚ "ኦሪጅናል አትመስልም፣ ሶሪ" አለች። "ኖርማል ሞተር መብራቷን ቆርጠው ውድድር አስመስለዋት ይሆናል። ብዙ አይተናል።"

ፍስሃ ሰዎቹን ጠረጠረ፤ ገና ሳያዩኝ ወስነዋል አለ በልቡ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። አቦይስ ዋሽተው ቢሆን? በሕይወቱ ሙሉ አባቱን እንዲህ ብሎ ጠርጥሮ አያውቅም። ሐሳቡን ለማባረር ቶሎ ብሎ "መቀመጫውን ፍቱት" አለ። "እዚያ የአስመራው ጋራዥ እጅ አለ።"

ብሎኑ ተፈታ። ናኦሚ በስልኳ አበራች። ኢንጅነር ገመዳ ተንበርክከው ቆዩ። ሲነሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

"ይሄ የቆየ የጋዝ ብየዳ ነው። ለውድድር እንድትቀል የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያውን ቆርጠው ዘግተውታል። ተመልከቺ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሄደው። ግራኝ ነው የበየደው! መጨረሻው ላይ ያቺን እብጠት አየሻት? ጥድፊያ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የተሠራ ነው። ይሄንን ማንም አስመስሎ አይሠራም።"

ናኦሚ ብዕሯን አወጣች። "የነጂውን ስም ይንገሩኝ፣ ጋሼ።"

ፍስሃ ጎንበስ ብሎ አየ።

እብጠቷ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ያውቃታል። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ግቢ ውስጥ አንድ ብረት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ትንሽ ቦታ ብቻ ገልጠው "የአልጋ ብረት ነው፣ ና ልመድበት" አሉት። የመጀመሪያ ብየዳው ነበር። ብረቱን በሳው፤ ደንግጦ ቀዳዳው ላይ የቀለጠ ብረት አንጠባጠበበት። አባቱ ሳቁ። "ባቄላ ዘራህ" አሉት።

"ጋሼ? ስሙን?"

አቶ ጸጋይ ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጥቶ ያነበው ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ፈለገው፤ እቤት ረስቶታል።

"ብየዳው የእኔ ነው" አለ።

ኢንጅነሩ ዓይናቸውን አጠበቡ። "አሁን ደግሞ አንተ ነህ? ሞተሯ ከአስመራ ስትመጣ ተወልደህ ነበር?"

"አልተወለድኩም። ብየዳው ግን የእኔ ነው። እዚሁ፣ ገርጂ ነው የበየድኩት። በውስጥ በኩል ያልደፈንኩት ቀዳዳ አለ፤ በጣትሽ ንኪው።"

ናኦሚ እጇን አስገብታ ዳበሰች። "አለ" አለች ቀስ ብላ።

ኢንጅነሩ ግራ እጁን አዩት። "ታዲያ ምን አናገረህ? እሷ ስሙን ልትጽፈው ነበር እኮ።"

"ሰሌዳውን ባየሁ ቁጥር ባቄላዋ ትታየኛለች" አለ ፍስሃ። ደግሞ ቶሎ ብሎ "አባቴ በሌላ ሞተር ተወዳድረው ይሆናል" አለ። ራሱ እንዳላመነው ድምፁ አሳበቀበት።

ናኦሚ ደብተሯን ዘጋች። ኢንጅነሩ መቀመጫዋን ራሳቸው መልሰው አሰሩለት፤ ሲጭናትም አገዙት።

ዘውዲ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "እህ፣ ምን አሉ?"

"ብየዳውን ወደዱት" አላትና ሸራውን ሊያለብሳት ገባ።