የተላጠ ባቄላ

ተዘፍዝፎ ጎንቆል ያወጣ ባቄላ የእርጥብ ሣር ሽታ አለው፤ ዛሬ ቡራዩ ባለው ቤቴ ጨርቁን ገልጬ ባሸተትኩት ቁጥር ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ወደ ሱሉልታ፣ ወደ አባባ ዘንድ ይመልሰኛል።

አባባ የአባቴ አባት ናቸው። እሸት ሲደርስ ማሳው ዳር ቆመው ባቄላ እየፈለፈሉ፣ ለእኔ አንድ ሰጥተው ለራሳቸው ሁለት እየቆረጠሙ፣ ሳኮርፍ ይስቁብኝ ነበር።

በጋው ሲገባ ግን የቀሩት ጥርሶቻቸው ረገፉ፤ ሽሮውም ሆዳቸውን እየነፋቸው እህል ይፈሩ ጀመር። ሁዳዴ ሲያዝ ጋቢው ሰፍቷቸው ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወተትና እንቁላል ብትመክራቸው «ጾም ሳይፈታ አልቀምስም» ስላሉ፣ ባቄላና ምስር በደንብ በስሎና ላም ብሎ ካልተሰጣቸው እንደማይበረቱ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ያገኘችውን ክክ አልማ ለብቻቸው በትንሽ ሳህን ብታቀርብላቸው፣ አባባ ሳህኑን ገፉት።

«አኒ ዳኢማ ሚቲ! ሕፃን አይደለሁም እኮ፣ ልጄ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሱም። እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አይቼ፣ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ወጥ ቀረበ። እናቴ ባቄላውን ዘፍዝፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አብቅላ፣ ልጣጩን አንድ በአንድ አውጥታ፣ አረፋውን እየገፈፈች ቀቅላ፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ጨምራ በማማሰያ አድቅቃው ነበር። «እማዬ፣ ጥርስ የለንም እንዴ?» ልል አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«እኛ ባቄላ የምንወደው እንዲህ ነው፣ አባባ። ይብሉ» አለች።

አባባ አባቴን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያም ጎረሱ።

የፋሲካው ሥጋ ሳይቀር ለሁላችንም ደቅቆ ተሠራ፤ ቤታችን ቆሎ መቁላት ስለተወ፣ እኔም ሲያምረኝ ጎረቤት ሄጄ እቆረጥም ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አባባ በከዘራ ማሳው ድረስ መሄድ ጀመሩ። እሸት በደረሰ ጊዜ የፈለፈሉትን ሁሉ በመዳፌ አስቀምጠው፣ ወደ ቤቱ ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣

«እናትሽ ጥርስ እንዳላት አውቃለሁ፤ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

አልነገርኳትም። አባባ ከዚያ በኋላ ሁለት እሸት በልተው አረፉ።

ዛሬ እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ጥርሷም አልቋል። ባለፈው ልጄ ለሁላችንም ያቀረብኩትን የደቀቀ ባቄላ አይቶ «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ...» ሲል ጎሸም አደረግሁት። እናቴ ትኩር ብላ አየችኝና ወደ እሱ ዞራ «ብላ እንጂ፣ እኛ የምንወደው እንዲህ ነው» አለችው።

ያኔ በእንጨት ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረውን ዛሬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቶሎ ያበስልልኛል። ልጣጩን ግን እንደ ድሮው በጣቴ ነው የማወጣው። እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ ታግዘኛለች፤ ለማን ብለን እንደምንልጥ ሁለታችንም አናነሳም።