የሚወለድ ቀለም

ማናንግ ብለን፣ እትዬ እንደማለት፣ የምንጠራትን ፑሪንግን ሰው ሁሉ ያመሰግናታል። እኔ ግን የባሏ እህት ነኝ፤ የማውቀውን አውቃለሁ።

በኛ ከተማ በኢሎይሎ ባለ ቀለም ፎቶ በእጇ የምታጥብ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ጥቁርና ነጩ በቀይ አምፖል ይታጠባል፤ የቀለሙ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው የሚፈልገው። እዚያ ውላ ስትወጣ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተች ትንጎራደዳለች። ደንበኛ ከመጣማ ስብከት አላት።

«ፎቶ ሁሉ አንድ አይምሰልህ! አንዱ የሚወለድ ይባላል፤ ቀለሙ፣ ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ ነው የሚወለደው። ሌላው የሚገፈፍ ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ አለ፣ ትርፉ ብቻ ይገፈፋል። የሚገፈፈው ይቆያል። የሚወለደውን ግን ብርሃን ይበላዋል።»

የሚገፈፈው ከባሕር ማዶ በስንት መከራ የሚመጣ የሀብታም ወረቀት ነው። የኛ ቢጤው በሙሉ የሚወለደው ላይ ነበር የሚነሳው።

የእሷና የወንድሜ የሴልሶ አንድዬ ልጅ ኔኒታን ገና በወተት ጥርሷ ትኩሳት ገደላት። የቀረችን አንድ ፎቶ ናት፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ትስቃለች። እናቷ ናት ያጠበችው፣ በሚወለደው ወረቀት። ፊልሙን ስቱዲዮው ውስጥ የገባው ጎርፍ አበላሸው።

ሴልሶ ሳሎን ውስጥ፣ ከሕፃኑ ኢየሱስ ምስል አጠገብ ሊሰቅላት ሚስማር መታ።

«ንካትና!» አለችው። «መስኮት ፊት ለፊት? ልጄን ለፀሐይ ልታበላት ነው?»

«የኔም ልጅ ናት እኮ ፑሪንግ። ልያት እንጂ!»

«ሙያው የማን ነው? ዝም በል።»

መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባት። ቁልፉንም ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ፎቶዋን መልሰሽ አንሥተሽ ሌላ ግልባጭ አውጪለት ብላት፣ «የሚገፈፈው ወረቀት እጄ ሲገባ» አለችኝ። እጇ አልገባም። የሙታን ቀን በመጣ ቁጥር ወንድሜ ባዶው ሚስማር ሥር ሻማ ያበራል፣ ጎረቤት ያያል፣ እኔ እቃጠላለሁ።

«ማናንግ፣ ሚስማሩን ልሳለመው እንዴ?» አልኳት አንዴ።

«አንቺ ምላሰኛ! ባየናት ቁጥር ታልቃለች፣ አይገባሽም?»

እሷም አላየቻትም። ይሄን ልመስክርላት፤ ለራሷም ነው የከለከለችው።

ዓመታት ሄዱ። ሴልሶ ሳንባው ታሞ ተኛ፣ ሐኪሞቹም ወደ ቤት መለሱት። አንድ ቀን ከሰዓት እጇን ያዘና፣ «ፑሪንግ፣ በማርያም፣ አንዴ አሳዪኝ» አላት። «መልኳ ጠፍቶብኛል። የምሄደው እኮ ወደ እሷ ነው፤ ሳላውቃት ባልፍስ?»

ያን ጊዜ ተሸነፈች። መጀመሪያ መጋረጃውን ዘጋች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ፎቶዋን ከፖስታዋ አወጣች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱማ ለቆ ነበር። ሰማያዊው ቀሚስ የለም። ፎቶዋ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሸክላ ቀልታለች፤ ዓይኗም ሳቋም እዚያው ቅላት ውስጥ ሰጥሟል። የማኒላ ባለሙያ በኋላ እንደነገረን፣ የዚያን ዘመን የሚወለድ ወረቀት ሰማያዊው ቀለም በኛ ሙቀትና እርጥበት፣ ጨለማ ውስጥም ተቀምጦ ይሞታል። ሳሎን ብትሰቀልም ማለቋ አይቀርም ነበር። ግን እያየናት ታልቅ ነበራ!

ሴልሶ ተቀበላትና አየ፣ አገላብጦ አየ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ኔኒታ ናት» አለች ፑሪንግ።

«አይደለችም። የልጄ ቀሚስ ሰማያዊ ነው። አታታልዪኝ ፑሪንግ፣ እየሞትኩ እኮ ነው!»

ምን ብትለው አላመናትም። የሆነ ቦታ ደብቃብኛለች እንዳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ሞተ።

ከቀብር ስንመለስ ጥቁር ልብሷን ሳትለውጥ ፎቶዋን ያንን ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። መጋረጃውንም እስከ ጥግ ገፈፈችው። «እሰይ!» ልላት ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ላይ ነበር።

«በይ፣ ተናገሪ» አለችኝ ሳትዞር።

ወንድሜ ሲያበራ በኖረበት፣ ሚስማሩ ሥር፣ ሻማ ለኮስኩ።

«ፀሐይ የተረፈውን ይብላ» አለች። «እኔ ቀድሜዋለሁ።»