የጋዝ ቱቦውና የአማቴ ትከሻ

የባለቤቴ አባት በጠመንጃዬ ተኩሰው ሲጨርሱ ትከሻቸውን እያሹ "ትማታለች እኮ" ካሉበት ቅዳሜ ጀምሮ ጨርቄን ጥዬ ላብድ ነበር። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ጠመንጃ ይናፍቃቸዋል ብዬ ነው ወደ ተኩስ መለማመጃው መውሰድ የጀመርኩት። ሌላውን ቀን ኤርፖርት ሥራ ላይ ስለምውል ሁለታችን ብቻ የምንሆነው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ትከሻቸው ከከዳቸው ቅዳሜያችንም ቀረ ማለት ነው።

ጠመንጃዬ ከተቃጠለው ባሩድ ጥቂት ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ መልሳ፣ በእሱ ኃይል ቀለሁን ጥላ ቀጣዩን ጥይት ትጎርሳለች። የእኔዋ ቱቦ አጭር ስለሆነ ጋዙ ኃይሉ ሳይበርድ ይመለስና ሰደፉን ትከሻ ላይ ያላጋዋል። መካከለኛው ቱቦ ለስለስ ይላል፤ ረጅሙ ደግሞ ይብስ ይለሰልሳል፣ ግን ለእኔዋ አይሆንም። ቱቦ ብቻ ቀይሮ መገላገልም የለም፤ ጥይቱ የሚወጣበት ባረል አብሮ ይቀየራል።

በምንኖርበት የስደት አገር፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ካፌ ውስጥ ጓደኞቼን አማከርኩ። ምን አለፋኝ! ምላጭ ነክቶ የማያውቀው ሁሉ መሐንዲስ ሆነ።

"መካከለኛውን አድርግ፣ ሶ ስሙዝ ነው" አለ አንዱ።

"ኧረ ተው፣ ሲበርድ ጃም ያደርጋል፣ ጥይቱ ይቀረቀራል!" አለ ሌላው።

ሦስተኛው ደግሞ ቪዲዮ ከፍቶ ሲያሳየኝ ሻዬን አቀዘቀዘብኝ። ሁለት ወር እንዲህ ተቃጥዬ መካከለኛው ላይ ወሰንኩ።

ቅዳሜ መኪና ውስጥ "አባባ፣ ትከሻዎን እንዳትጎዳው ቱቦዋን ላስቀይር ነው" አልኳቸው።

"አይ፣ ለእኔ ብለህ አትቸገር።"

ይሉኝታ መሰለኝ። "አልፈልግም" ያለ እንግዳ ሁሉ እንደገና በግድ እየጎረሰ ባደግኩበት ቤት ይህ እንደ እምቢታ አይቆጠርም። ደገምኩ፤ እሳቸውም ደገሙ። ሦስተኛ ጊዜ "ዛሬውኑ አዝዛለሁ" ስል ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ከጦሩ ከወጣሁ ወዲህ የተኩስ ድምፅ እጠላለሁ።"

መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። "ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን መጡ?"

"አንተ ትወደዋለህ ብዬ ነዋ! ትማታለች ስልህ ተኩሱ ይቅር የምትል መስሎኝ ነበር።"

እኔ ደግሞ ለእሳቸው ብዬ ነበር የምተኩሰው። በራሴም በእሳቸውም በግኜ ወደ መለማመጃው የሚታጠፈውን መንገድ ሳልታጠፍ አለፍኩት። እሳቸው ወደ ኋላ የቀረውን መታጠፊያ በመስኮቱ ዞረው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ቅዳሜው ግን አይቅርብኝ" አሉ።