የተቀጠለችው የጦር መኪና

ባለቤቴ ሲያገባኝ የነበረው ሀብት አንዲት አሮጌ የጦር መኪና ብቻ ነበረች። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች መድፍ እንድትጎትት አምጥተዋት፣ ሲሄዱ ጥለዋት የቀረች ናት። ለመድፍ ጉተታ ስለተሠራች ሻንሲዋ፣ የሥር ብረቷ፣ አጭር ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማዋ ሊሳሳሙ ትንሽ ነው የቀራቸው። የአሰላ ሰው «ጉርዷ» ይላት ነበር።

ይሳቅባት እንጂ ጉርዷ የማትገባበት አልነበረም። ክረምት ገብቶ የጢቾ መንገድ ሲጨቀይ፣ ትልልቆቹ መኪኖች አሰላ ቆመው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ፣ እሷ እያጓራች ትሄዳለች። መንገዱ ላይ አንድ ክፉ መታጠፊያ አለ፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው አለት። ሌላው መኪና ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ፣ ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቀ ነው የሚያልፈው። ጉርዷ ግን በአንዴ ትዞራለች። እኔ የጢቾ ልጅ ነኝ፤ ከእናቴ የምታገናኘኝ እሷ ናት፤ ሰው ሲስቅባት ደሜ ይፈላ ነበር።

ከዚያ የመቀጠል ወረት መጣ። አንድ ነጋዴ እንደ ጉርዷ ያለ የጦር መኪናውን ሻንሲ ከካቢናው ጀርባ አስቆርጦ፣ ከሌላ የሞተ መኪና ብረት አምጥቶ አስቀጠለው። ገብስ የሚጫንበት ካሶኒም በዚያው ልክ ረዘመ። ያንን ያየ ሁሉ ተከተለ። የተቀጠለ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ በግ ይታረዳል፣ ደሙ ጎማው ላይ ይቀባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ባለቤቴ ከእንዲህ ያለው ድግስ በተመለሰ ቁጥር ፊቱ ጠቁሮ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን እኔም ላስቀጥላት ነው አለኝ። ተቆጣሁ። ምን ጎደለባት፣ ጢቾ የሚያደርሰኝ እኮ ማጠሯ ነው አልኩት። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ሆዴን አየት አደረገና፣ እስካሁን ለሁለታችን በቅታናለች፣ አሁን ሦስት ልንሆን ነው፣ በዚህች ጭነት ልጅ ተምሮ ሐኪም አይሆንም አለኝ። ገና ሳይወለድ ሐኪም አደረገው እኮ! ሳቄ መጣ። ሰው ከሳቀ በኋላ ምን ሙግት አለው?

ብረቷን የቀጠለው በያጅ ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፤ ብረቱ አንድም ቀን አልተሰነጠቀም። እሱን ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። መኪናዋ ረዘመች፣ በቃ።

በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። የመውለጃ ወሬ ሲገባ መንገዱ ደረቅ ነበርና፣ ጉርዷም እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት ወደ ኋላ ብላ መታጠፊያውን አልፋ፣ ለእናቴ አስረከበችኝ። ባለቤቴ ሊጠይቀኝ ተመልሶ በመጣበት ሰሞን ዝናቡ ወረደ፤ ምጤም ያዘኝ። ጠናብኝ። አዋላጇ ልጁ ተጋድሟል፣ እኔ አልችለውም፣ አሰላ ሐኪም ቤት አድርሷት አለች። እናቴ ደግፋኝ ካቢናው ውስጥ ገባን።

መታጠፊያው ላይ ወደ ኋላ ሲል ጭቃው አንሸራተታት። ያ የረዘመ ሆዷ ጉብታ ላይ ቁጭ አለ፤ የኋላ ጎማዋ አየር ላይ ይዞራል። ባለቤቴ ወርዶ በአካፋም በእጁም ጉብታውን ይቆፍር ጀመር። በየመሐሉ ጭቃ እንደለበሰ መስኮቱ ጋ ይመጣና፣ «ትንሽ ታገሺኝ፣ እባክሽ፣ ትንሽ ብቻ» ይለኛል። እኔ መታገሥ አላቃተኝም፤ ልጁ ነው ያልቻለው።

የአካባቢው ገበሬዎች በኦሮምኛ እየተጠራሩ ደረሱ፤ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ አበጁ። ሳያነሱኝ ልጁ መጣ። አላለቀሰም። ወንድ ነው አለችኝ እናቴ። እኔን ደም እየፈሰሰኝ ተሸክመው ሮጡ፤ ባለቤቴ ልጁን ይዞ እዚያው ቀረ።

እኔ ተረፍኩ። ቤቴ ስገባ ጎረቤቶቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ መጡ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለው፣ ድንኳን አይተከልለት፣ ለቅሶ አይደረስለት። አይዞሽ፣ ሌላ ይተካል አሉኝ። እኔ እሱን ነበር የፈለግሁት። ባለቤቴ የት እንደቀበረው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁት። በአንድ ገበታ እየበላን ሳንነጋገር ከረምን።

አንድ ቀን መኪናዋን መልሶ አስቆርጦ እንደ ድሮዋ አጭር አድርጎ ደጃፌ አቆማት። የጋራዥ ሰዎች አብዷል ብለውታል አሉ። ወጥቼ አየኋት።

«ለማን ብለህ ነው?» አልኩት።

ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

መስቀል አልፎ እናቴን ለማየት አብሬው ተሳፈርኩ። ካሶኒው ላይ ጢቾ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጉርዷ በአንዴ ዞረች። ከላይ ያሉት አጨበጨቡ። ባለቤቴ ግን ትንሽ እልፍ እንዳለ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«እዚህ ነው ያለው» አለኝ። አንድ ጥድ ሥር ትንሽ የድንጋይ ክምር አሳየኝ።

ወርጄ ድንጋዩ ላይ ወደቅሁ። በቤቴ እንደ ነውር የዋጥኩት ጩኸት ሁሉ ያኔ ወጣ። ባለቤቴም አጠገቤ ተንበርክኮ እንደ ሴት ደረቱን መታ። ሰዎቹ መኪናዋ የተበላሸች መስሏቸው ወረዱ። አንድ ሽማግሌ እስላም ምን ሆናችሁ ብለው ጠየቁ።

«ልጃችን ነው» አላቸው ባለቤቴ።

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ተቀመጡ። ሌሎቹም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንድ በአንድ ተቀመጡ። የማላውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረውኝ አለቀሱ። ገበያው እየረፈደባቸው «እንሂድ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።